ከኮከቦቹ ስር ያሉት ቁጥሮች

ሰኞ
ደረጀ መጣ፤ የእንግዳ ማረፊያችንን የክፍያ ሲስተም የሸጠልን ልጅ። «እትዬ አስካለ፣ እንዴት ሰነበቱ?» አለኝ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩት። ባየሁት ቁጥር አብራኝ ትሠራ የነበረችው ጽጌ ትዝ ትለኛለች። ያኔ የእንግዶች ካርድ ቁጥር ወጥቶ ገንዘባቸው ሲወሰድ፣ በዚህ ምላሱ «ከእንግዳ ተቀባይዋ ነው የወጣው» ብሎ አስባረራት። ሲስተሙ ግን ቁጥሩን ሙሉውን፣ ከካርዱ ጀርባ ካለው ሦስት አሃዝ ጋር፣ ለከፈተው ሁሉ ያሳይ ነበር። የምንገባውም ሁላችን በአንድ የይለፍ ቃል ነበር። ይህን አውቅ ነበር። ባሌን የቀበርኩበት ሰሞን ስለነበር ለእንጀራዬ ፈርቼ ዝም አልኩ።

ሐሙስ የባንኩ መርማሪ የካርድ አያያዛችንን ልትፈትሽ ትመጣለች። ካላለፍን በካርድ መቀበል እንከለከላለን።

ማክሰኞ
ደረጀ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍቶ ዋለ። ከሰዓት ጠራኝ። ቁጥሮቹን በኮከብ ምልክት ሸፍኗቸዋል፤ የሚታዩት የመጨረሻዎቹ አራት ብቻ ናቸው።
«ይኸው እትዬ፣ የለም።»
«ጠፋ ወይስ ተሸፈነ?»
ሳቀ። «እርስዎ ደግሞ ማንበብ አበዙ።»
አብዝቻለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በራሴ ነው፤ የባንኩንም መመሪያ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የጀርባው አሃዝ ክፍያው ካለፈ በኋላ ጭራሽ መቀመጥ የለበትም ይላል። እኛ ግን ኔትወርክ ሲጠፋ እንግዳው እንዳይጉላላ ብለን የካርዱን የፊትና የኋላ ቁጥር «አስተያየት» በሚለው ቦታ እንጽፋለን፤ ኔትወርክ ሲመለስ ሂሳቡን እንቆርጣለን። ይህን ያስተማረን ራሱ ደረጀ ነው።

ረቡዕ
የቀኑን ሂሳብ ስዘጋ እንደ ወትሮዬ የክፍያውን ዝርዝር አተምኩ። ወረቀቱ ላይ ኮከብ የለም። ቁጥሩ ሁሉ፣ «አስተያየት» ላይ የጻፍነውም ጭምር፣ እንዳለ ወጣ። የሸፈነው ስክሪኑን ብቻ ነው።
ብነግረው ወዲያው ያስተካክለው ነበር። ወረቀቱን ቀድጄ ጣልኩት። ለእሱም ለማረፊያው ባለቤት ለጋሽ ተካም ምንም አልተነፈስኩም።
ታክሲ ውስጥ ለካ ብቻዬን ፈገግ ብያለሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው «ምን አገኙ እናቴ?» አለችኝ። «የጠፋብኝ ዕቃ ነበር» አልኳት።

ሐሙስ
መርማሪዋ ልጅ እግር ናት፤ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። ደረጀ ስክሪኑን እያሳየ ሲያስረዳ ዋለ። እሷም በእሺታ ራሷን ትነቀንቃለች። አለቀ ብዬ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እናቴ፣ ቀኑን ሲዘጉ ምን ያደርጋሉ? እንደ ሁልጊዜው ያሳዩኝ።»
ደረጀ «እሱ አያስፈልግም፣ እትዬ ይደክማቸዋል» አለ።
አልደከመኝም ብዬ አተምኩ።
ወረቀቱን ስታነብ እኔ የማየው የእሱን ፊት ነበር። ጽጌ ቦርሳዋን ስታስፈትሽ የነበራት ፊት። ጣፈጠኝ።
ስለ ድሮው ስርቆትም ጠየቀችኝ። ሁላችንም በአንድ የይለፍ ቃል እንገባ እንደነበር ነገርኳት። ደረጀን «ታዲያ ቁጥሩን ማን እንዳወጣው በምን ታወቀ?» አለችው።
እስኪስተካከል በካርድ መቀበል ታገድን።

ዓርብ
ጋሽ ተካ ሰላምታዬን አልመለሰም።
ጽጌ ጋ ደወልኩ። ዘነበወርቅ ሰፈር ሱቅ ከፍታለች። ሁሉን ነገርኳት።
«እና አሁን ልደሰት ነው እትዬ? ያኔ ነበር የሚያስፈልገኝ» አለችኝ። ገበያተኛ መጣብኝ ብላ ዘጋችው።
ቀጥሎ ደረጀ ደወለ። ሲስተሙን የሸጠላቸው ሌሎች ማረፊያዎችም ውሉን ሊያፈርሱበት ነው። «በስህተት ነው ያተምኩት ይበሉልኝ፣ ልጆች አሉኝ» አለ። ጽጌም ልጅ ነበራት አልኩት። ያለቀሰ መሰለኝ።
ለጽጌ ብዬ ያደረግኩት መስሎኝ ነበር። እሷ አልፈለገችውም። እኔን ግን አሁንም ደስ ይለኛል፤ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ነገ ከደወለ አነሳለሁ። ሲለምነኝ መስማት እፈልጋለሁ።