ከእስር ቤት ደጅ የመጡ ሽማግሌዎች

ኦክቶ. 6፣ 2012፣ ቅዳሜ

የዛሬው ፎቶ እስር ቤት ነው።

ያለፈው ሳምንት የባቡር ጣቢያ ነበር፤ ባቡር የማይመጣበት። ከዚያ በፊት ዱቄት ፋብሪካ። ከዚያ በፊት ባንክ። ሰለሞን በየሳምንቱ አንድ አሮጌ ሕንጻ ይልክልኛል። እኔ የጠየቅኩት የራሱን ፎቶ ነው።

ነርስ ነው። አውስትራሊያ፣ ገጠር፣ ከሜልቦርን በመኪና ግማሽ ቀን። እዚህ ሲያትል ለዘመዱ ሰርግ መጥቶ ነው የተዋወቅነው። ሚስቱ ሞታበታለች፤ እኔ ፈትቻለሁ። አርባ ስምንት ዓመቴ ነው። ባለፈው ወር እንጋባ አለኝ፣ በስልክ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው። እሺ አላልኩም። እምቢም አላልኩም።

እስር ቤቱ የድንጋይ ነው። አራት ክፍል። ከኋላው ቢጫ ማሳ። የጎብኚዎች ሰሌዳ አለ፣ ጎብኚ የለም። እስካሁን በላካቸው ፎቶዎች ሁሉ አንድም ሰው የለም። አንተ ማስታወሻ፣ ለአንተ ልንገርህ፦ የሚያስፈራኝ ርቀቱ አይደለም። ይሄ ነው።

ኦክቶ. 8

ሥራ። ቱክዊላ ያለው ሆቴል፣ የአንሶላ አጠባ። አንዱ ማጠቢያ ማሽን ደግሞ ቆመ።

ማታ ለጋሼ ነገርኩት። ታላቅ ወንድሜ ነው፤ እዚሁ ሲያትል፣ ኮሎምቢያ ሲቲ ሰፈር እሱ ቤት ነው የምኖረው። መነጽሩን አድርጎ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየ። ሰውዬው ሊያገባሽ ነው ወይስ ቤት ሊሸጥልሽ? አለ። ከዚያ ወደ ቁም ነገሩ ገባ። ሽማግሌ ይላክ። ሽማግሌ የሚሆንለት ካጣ ሰው የለውም ማለት ነው፤ ሰው ለሌለው ሰው እህቴን አልሰጥም።

እዚያ ከተማ ያለው ሐበሻ እሱ ብቻ ነው አልኩት። እሱ ይጨነቅበት አለ።

ተናደድኩ። ግን የጋሼ ጥያቄ የእኔው ጥያቄ ነው።

ኦክቶ. 9

ለሰለሞን ኮል አደረግኩ። የጋሼን ቃል ነገርኩት። ስንት ሰው ይበቃል? አለ። ሦስት አልኩት። እሺ ብሎ ዘጋ። ከሜልቦርን ያመጣ ይሆናል፤ እዚያ ሐበሻ አይጠፋም።

ኦክቶ. 13፣ ቅዳሜ

ፎቶ፦ የድሮ ፍርድ ቤት። ሣሩ ላይ የሰ. ጥላ ወድቋል። ባርኔጣ አድርጓል። ሥራ ፈትቼ ጥላ ሳይ ቆየሁ። አትፍረድብኝ።

ሽማግሌዎቹ ተገኝተዋል፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ በስካይፕ ይመጣሉ አለ። እነማን እንደሆኑ አይናገርም።

ኦክቶ. 20፣ ቅዳሜ

ሽማግሌዎቹ ፈረንጆች ናቸው።

ጋሼ ሱፉን ለብሶ፣ ኮምፒዩተሩን የምግብ ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ጠበቃቸው። እኔ እንደ ወጉ ከወጥ ቤቱ በር ኋላ። የአርባ ስምንት ዓመት ኮረዳ።

ስክሪኑ ላይ ሦስት ሰዎች የእስር ቤቱ ደጅ ላይ ተሰልፈው ቆመዋል። ኬን የሚባለው እስር ቤቱን ለጎብኚ የሚከፍት አዛውንት ነው። ማርጋሬት አሮጌው ባንክ ውስጥ ሻይ ቤት አላት። ሦስተኛው ዱቄት ፋብሪካውን ያስጎበኛል፤ ከዘራ ይዟል። ሰ. የለም። ጠያቂው አብሮ አይመጣማ።

ጋሼ በእንግሊዝኛው፣ ምን ጉዳይ አመጣችሁ? አለ። ኬን ከወረቀት አነበበ፦ ልጃችሁን ለልጃችን ልንጠይቅ ነው። ጋሼ ያዘው። እንዴት አድርጎ ነው ልጃችሁ የሚሆነው?

ኬን ወረቀቱን አጠፈው።

«ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ ከሥራ ሲወጣ ዶሮዎቼን የሚያበላው እሱ ነበር። ዶሮ ይጠላል። አሁን የእስር ቤቱ ቁልፍ እሱ ጋ ነው።»

ማርጋሬት አንድ ጉድለት አለበት አለች፦ ሻይ ልጋብዝህ ቢሉት እሺ አይልም። ጋሼ ይሄማ የአስተዳደግ ነው አላት። ሴት ለሽምግልና መላክ ደንብ እንዳልሆነ ሊናገር አስቦ ነበር፤ ተወው። ጤናውን ጠየቀ። ይጠጣል ወይ? ይቆጣል ወይ? ኬን ሳቀ። ሲቆጣ የሣር ማጨጃውን አስነስቶ ወደ ባቡር ጣቢያው ይሄዳል አለ።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ቆመዋል። ባለ ከዘራው በመጨረሻ፣ አሁን መቀመጥ ይፈቀድልናል? ብሎ ጠየቀ። ለካ ሰ. የቤቱ ጌታ ተቀመጡ ሳይላችሁ እንዳትቀመጡ ብሏቸዋል። ጋሼ ረስቶታል። ብድግ አለ፣ እንግሊዝኛው ጠፋበት።

«ኧረ በእግዚአብሔር! ተቀመጡ!»

ገባቸው። ወንበር ጎተቱ። እኔ ወጥ ቤት ውስጥ አፌን በፎጣ ያዝኩ። ስጀምር ሳቅ ነበር።

መልሱ የዛሬ ሁለት ሳምንት ተባለ። ሽማግሌ በአንድ ቀን አይመለስለትም። ይህንንም ሰ. ነግሯቸው ኖሮ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ኦክቶ. 25

ጋሼ ረክቷል። ሰው አለው ይላል፣ ለራሱም ለእኔም። ግን ሌላ ሐሳብ አምጥቷል። እሺ እንበላቸው፣ እሱ ግን ወደዚህ ይምጣ። ነርስ እዚህ ሥራ አያጣም፤ አንቺ በዚህ ዕድሜሽ የለመድሽውን ለምን ትለቂያለሽ? ልክ ነው። ሳህኖቹን አንስቼ ወጥ ቤት ገባሁ። ያንን እሺ አድርጎ ወሰደው።

ፎቶዎቹን መልሼ አየኋቸው። የጣቢያው ሣር ታጭዷል። የባንኩ መስኮት አዲስ ቀለም ተቀብቷል። የእስር ቤቱ ደጅ ተጠርጓል። ሰው የለበትም ያልኩት እኔ ነኝ። በየሳምንቱ የሚያጭድ፣ የሚጠርግ፣ የሚቀባ አለ። አንዱ ደግሞ ሰ. ነው። ይሄን ትቶ ይምጣ?

ኖቬ. 3፣ ቅዳሜ፣ አመሻሽ

ግሮሰሪ ነኝ፣ ሬኒየር መንገድ ላይ። ሰልፍ። ጋሪው ላይ አስደግፌህ ነው የምጽፈው። ጋሼ ለመልሱ ቀን ዳቦና ለስላሳ ግዢ ብሎ ላከኝ። በስክሪን አይበሉም ብዬ ብነግረው፣ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ሽማግሌ አልቀበልም አለ። ሊደውሉ ትንሽ ነው የቀራቸው። ከፊቴ ያለችው ሴት ከሻጩ ጋር ስለ እንቁላል ትከራከራለች።

ጋሼ አሁን ደወለ። የሚመልሰውን አሰማኝ፣ ልክ በጽሑፍ እንዳዘጋጀ ሰው። መጨረሻው፣ ወደዚህ ይምጣ።

«አይመጣም፣ ጋሼ። እኔ ነኝ የምሄደው። መልሱንም እኔ እሰጣለሁ።»

ሴት ልጅ ራሷ ለሽማግሌ ስትመልስ የት አይተሻል? አለ። ሽማግሌስ በስካይፕ ሲመጣ የት አይተሃል? አልኩት። ወንበር ሲጎትት ሰማሁት። በይ ቶሎ ነይ፣ ከጀመርኩ አላቋርጥልሽም አለ።

እንቁላሉ ገና ነው። ጋሪውን ከነዳቦው ወደ ጎን ገፋሁት፣ ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ይለፍ። እየወጣሁ ነው።