የአባባ መስሚያ የሚጠፋበት ሰዓት

ሰኞ፣ ጥር 5
ዘጠኝ ተኩል ላይ ከትምህርት ቤት ገባሁ። ቤቱ ጭር። እናቴ ከሥራ የምትመለሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው... እስከዚያ እኔና አያቴ ብቻ።
«አባባ፣ ደህና ዋሉ?»
«አዎ፣ ነፋሱ በረታ።»
በቃ። የዛሬው ጨዋታችን ይኸው ነው።
ወደ ክፍሌ። ስህተት መፈለግ የምለማመድበት ፕሮግራም ስም ይጠይቃል፤ የሚይዘው ስድሳ አራት ፊደል ብቻ። መቶ ደረደርኩለትና ድርግም ብሎ ሞተ! ግን ስንተኛው ፊደል ገደለው? ሲጠፋብኝ ጮክ ብዬ ለኮምፒውተሩ አስረዳዋለሁ። የሙያው ሰዎችም እንዲህ ያደርጋሉ አሉ፣ ለአሻንጉሊት የሚያስረዱም አሉ። ሌላ ለማን ልንገር? ክፍል ውስጥ «የሰው ፕሮግራም ፈታትቼ ስህተቱን እፈልጋለሁ» ብል አንዷ «ሥራ ፈት ነሽ» አለችኝ።

ዓርብ፣ ጥር 9
አጎቴ መጣ።
«ሃከር ሆነሻል አሉ! እስቲ የሚስቴን ስልክ ክፈቺልኝ።»
«መጀመሪያ እሷ ትፍቀድ።»
«እንግዲያው ምኑን ተማርሽው?»
ከዚያ አባባ ጆሮ ላይ ጮኸ፣ ጮኸ... ወይ ፍንክች። «ይሄ የጆሮ መስሚያ አልቆለታል» ብሎ ፈረደ። የሚገርመው፣ ጠዋት ጠዋት በዚያው መስሚያ ሬዲዮ እየሰሙ ከዜና አንባቢው ጋር ይጣላሉ። ከሰዓት ብቻ የሚበላሽ ዕቃ አለ እንዴ?

ቅዳሜ፣ ጥር 10
የመስሚያው ሻጭ ሱቁን ሲዘጋ ማስተካከያ ፕሮግራሙንና ገመዱን ለአባባ ሰጥቷቸው ነበር። የይለፍ ቃሉን ግን ይዞት ሄደ። ልመርምረው ወይ ብዬ ወረቀት ላይ ጻፍኩላቸው። «ፕሮግራሙን ከከፈትሽ መስሚያውን እሰጥሻለሁ፤ እንዳትሰብሪው» አሉኝ። እንደማልከፍተው እርግጠኛ ናቸው። እናያለን!
ካስተካከልኩት ማታ ማታ እናወራለን። እንደ ድሮው።

ማክሰኞ፣ ጥር 13
ገባሁ!! ሦስት ቀን ፈጀ። ፕሮግራሙ ሆድ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ «ቃሉ ልክ ከሆነ አስገባው» የሚል ትእዛዝ አለ። እዚያ አንዲት ቁጥር ነካሁ፣ 74 የነበረችውን 75 አደረግኳት። ትእዛዙ ተገለበጠ። አሁን የፈለግኩትን ብጽፍ ይከፍታል፤ የማይቀበለው ትክክለኛውን ቃል ብቻ ነው። ብቻዬን ሳቅኩ... እስኪያመኝ።
አባባም ቃላቸውን አከበሩ፣ መስሚያውን ሰጡኝ። በገመዱ አገናኘሁት። ምንም ብልሽት የለውም። መቼ እንደበራና እንደጠፋ ግን ይመዘግባል። ጠዋት አንድ ሰዓት፣ በራ። ዘጠኝ ተኩል፣ ጠፋ። በማግሥቱም ዘጠኝ ተኩል። የትምህርት ቀን በሙሉ፣ ዘጠኝ ተኩል።
በሩን ስከፍት ያጠፉታል።

ረቡዕ፣ ጥር 14
ኮምፒውተሩን አልከፈትኩም።

ሐሙስ፣ ጥር 15
ጠዋት፣ ሬዲዮው ላይ ሳሉ ያዝኳቸው።
«አባባ፣ እኔ ስመጣ መስሚያውን ለምንድን ነው የሚያጠፉት?»
እንደተያዘ ልጅ አንገታቸውን ደፉ።
«ከልጁ ጋር በስልክ ስትጫወቺ እንዳልሰማ ነዋ። የሰው ምስጢር ማድመጥ ነውር ነው።»
«የምን ልጅ?»
«እኔ ምን አውቄ! ‘ዛሬ እምቢ ካልክ እገድልሃለሁ’ ስትይው አንድ ቀን ሰማሁ። ኧረ ተግባብተዋል ብዬ ደስ አለኝ። በየቀኑ ሁለት ሰዓት ሙሉ! ይህቺ ልጅ ሰው አገኘች አልኩ።»
ውሸት ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ለልጁ ስም ሁሉ አውጥቼለት ነበር።
«ማንም የለም» አልኩ። «ከኮምፒውተሩ ጋር ነው።»
«ማንም?»
«ማንም።»
ሬዲዮውን ዘጉት። ዜና አንባቢው ሳይሰደብ ቀረ።

ሰኞ፣ ጥር 19
ዘጠኝ ተኩል። ክፍሌ ስገባ አባባ ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል፤ መስሚያው ጆሯቸው ላይ ነው።
«በይ ንገሪኝ፣ ለዚያ ሣጥን የምትነግሪውን።»
«አይገባዎትም።»
«ለእሱስ ይገባዋል?»
ነገርኳቸው። ስድሳ አራት ፊደል ስለሚይዘው ቦታ፣ ትርፉ ፈሶ የጎረቤቱን ስለሚያጠፋው... ግማሹን ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሰሙት። ተኙ ብዬ ወደ ኮምፒውተሩ ዞርኩ።
«ስድሳ አራት ብቻ ከያዘ ለምን ቆጥሮ አይቀበልም?» አሉ፣ ዓይናቸው እንደተጨፈነ።
ስህተቱ እኮ እሱ ነው! እዚህ ለመድረስ እኔ አምስት ወር ፈጅቶብኛል። አልነገርኳቸውም፤ አጎቴ ፊት ይኩራሩብኛል።
ሲወጡ በሩ ላይ ዞር አሉ።
«ነገ ብትዘገዪ ጉድሽ ነው።»
ብዘገይ የሚቆጣኝ ሰው... ከመቼ ወዲህ?