ዳንኤልን ይዤ ከመናፈሻ መናፈሻ

እሑድ
ዛሬም አልተኛም። ልጄ ዳንኤል ከጦር ግንባር ከተመለሰ ወዲህ ከክፍሉ ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ በረንዳ ይመላለሳል። እኔም ተከትዬው መመላለስ ጀምሬአለሁ። ገዴራ ያለችው እህቴ ወለላ ደውላ፣ "ቤት ውስጥ አታፍኚው፣ አውጪው! ዛፍ ይይ፣ ሰው ይይ" አለችኝ። እዚህ አገር እሑድ የሥራ ቀን ነውና ከምሠራበት ፋብሪካ ፈቃድ ጠየቅሁ። አለቃዬ "ቤሰደር"፣ እሺ ማለቷ ነው፣ አለች፤ ሌላ አልጠየቀችም። ግን ወዴት? እዚህ በምንኖርበት ቂርያት ማላኪ ውስጥ እሱ የማያውቀው መንገድ የለም።

ሰኞ
ያቭነ ከተማ፣ መናፈሻው። መጀመሪያ ጥሩ ነበር። አበባ አሳየሁት፣ አይስክሬም ገዛሁለት፤ እንደ ሕፃን። ሣሩ ላይ ልደት የሚያከብሩ ነበሩ። ፊኛ ፈነዳ። ዳንኤል እኔን ጎትቶ ጣለኝና በሰውነቱ ሸፈነኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ከዚያ ተነሥቶ ቀሚሴን አራገፈልኝ፤ ወደ ቤት ተመለስን። ጉልበቴ ተልጧል። አልነገርኩትም።

ማክሰኞ
ከወለላ ጋር ገዴራ ሙዚየም ገባን። ትንሽ ናት፤ የጥንት ሰፋሪዎች ማረሻ፣ ፋኖስ፣ ፎቶግራፍ። አስጎብኚዋ ፊልም ልታሳየን በሩን ስትዘጋው ዳንኤል ከፍቶ ወጣ። ተከተልኩት።
"እማየ፣ ተይኝ! በሽርሽር የሚድን ነገር አይደለም!"
እንዲህ ጮሆብኝ አያውቅም። ወለላ ከኋላ "ያላ፣ ኑ በቃ፣ ምሳ እንብላ" አለች፤ ማንም አልበላም። ቤት ገብቼ እንዳይሰማኝ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። ይቅር፣ ወደ ሥራዬ ልመለስ።

ረቡዕ
የትም አልሄድንም። የተጠረገውን ቤት ደግሜ ጠረግሁ። መጋረጃ አውርጄ አጠብሁ። ከሰዓት በኋላ ዳንኤል ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ፣ "ነገስ የት ነው?" አለ።
ምንም አላሰብኩም ነበር። "ርሖቮት፣ ዩኒቨርሲቲው" አልኩ አፌ እንዳመጣልኝ።
"እዚያ ምን አለ?"
"እኔ እንጃ። ዛፍ።"
ሳቀ። ትንሽ፤ ግን ሳቀ።

ሐሙስ
የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ጥበቃው ቦርሳዬን ፈትሾ ለምን እንደመጣን ሲጠይቅ ዳንኤል "እናቴ ማየት ፈልጋ ነው" አለ። እኔ!
ግቢው ሰፊ ነው። የፍራፍሬ ዛፎች፣ ሣር ላይ የተቀመጡ ተማሪዎች። "ትንሽ ጋደም ልበል" አለና ተኛ። እውነተኛ እንቅልፍ፣ አፉን ከፍቶ። መንቀሳቀስ ፈራሁ። ፀሐይ ፊቱ ላይ ስትመጣ ጥላዬ እንዲያርፍበት ተጠጋሁ፤ እሷ ስትዞር እኔም ዞርኩ። አንዲት ተማሪ በስልክ እየጮኸች መጣች፤ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ። አየችው። ስልኩን ዘግታ በእግሯ ጣቶች እየረገጠች አለፈች። እግሬ ደነዘዘ፣ አውቶቡሱም አመለጠን።
ሲነቃ "ለምን አልቀሰቀስሽኝም?" አለኝ። ፀጉሩ ላይ የተጣበቀውን ሣር አነሣሁለት።
ስንመለስ በመስኮት እያየ፣ ከሠራዊቱ ሐኪም እንደተመደበለት ነገረኝ፤ ቁጭ ብሎ የሚያናግር። ሄዶ አያውቅም።
"እሑድ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?"
"እሄዳለሁ።"
"ውስጥ ግን አትገቢም።"
"አልገባም። ውጭ እቀመጣለሁ።"
አሁን ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ተኝቶ ይሁን አይሁን አላውቅም። በሩን ገፋ አድርጌ ልይ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። መልሼ ሰበሰብኩት።