«ከአባቴ ጋር» ተብሎ የተከበበው ሐሙስ

ለክቡር የኮሌጃችን የትምህርት ጉዳዮች ዲን
ባሉበት

የከበረ ሰላምታዬን እያስቀደምኩ፣ ጤናዎ እንደ መርሐ ግብርዎ ሳይዛነፍ፣ ቀንዎም እንደ ሠንጠረዥዎ በየሠላሳ ደቂቃው ተከፋፍሎ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የሦስተኛ ዓመት የነገረ መለኮት ተማሪ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት በቢሮዎ በኩል ላቅርበው ብል ስንት ቀን እንደሚፈጅ ከራሴ ስላየሁ ነው። ቁጥር እንደሚወዱ ስለማውቅም ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ሳምንታዊው የጊዜ ዕቅድ ቅጽ አመሰግናለሁ። ከእርሱ በፊት ሁላችንም እንዳመጣልን የምንኖር ሰዎች ነበርን። ዛሬ ግን ጸሎት በሰማያዊ፣ ጥናት በቢጫ፣ አገልግሎት በአረንጓዴ ይቀለማል፤ ያልተቀለመ ሣጥን የተገኘበት ተማሪም ስለ ስንፍናው ግማሽ ገጽ ይጽፋል። እኔ ባለፈው ወር ከግሪክኛ ግሥ ይልቅ በቀለም ብዙ ጊዜ አጥፍቻለሁ፤ ውጤቴንም አይተውታል።

፪. አባቴ ግንበኛ ነበር። ሳንባውን የሲሚንቶ አቧራ ጨርሶት ሁለት አውቶቡስ ተይዞ በሚደረስበት ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ ሐኪሙም ቢበዛ አንድ ወር ብሎ ለታላቅ እህቴ ቁርጡን ነግሯታል። ቅዳሜና እሑዴ በአገልግሎት ምደባ የተያዙ በመሆናቸው፣ በቅጹ ላይ የመጪውን ሳምንት ሐሙስ ከሰዓት፣ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ያሉትን ስድስት ሣጥኖች ከብቤ «ከአባቴ ጋር» ብዬ ጻፍኩ። ቅጹ ዓርብ ዕለት ሲመለስልኝ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ የሚል ማብራሪያ ነበረበት፦ «ተማሪው ከአባቱ ጋር ለመሆን ያለው ናፍቆት የሚበረታታ ነው፤ ሆኖም የጸሎት ሰዓቱ የተሟላ በመሆኑ ሦስቱ ሰዓት ወደ ጥናት ተዛውሯል። ለዚህም የመውጫ ፈቃድ አያስፈልግም፤ እርሱ በሁሉም ስፍራ አለና።» ክቡር ሆይ፣ የእኔው አባት ያለው በአንድ ስፍራ ብቻ ነበር፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ በመስኮቱ በኩል፣ አልጋ ቁጥር አሥራ አራት።

፫. ስሕተቱን ላስረዳ እየሮጥኩ ስመጣ ጸሐፊዎ ወረቀቱን አይተው ክው አሉ። «ውይ የኔ ልጅ፣ እኛ እኮ እግዚአብሔርን ያልክ መስሎን ነው» አሉኝ። ሊያስተካክሉልኝ እጃቸው ወደ እስክሪብቶው ሄዶ ነበር፤ ነገር ግን የጸደቀ ዕቅድ የሚለወጠው በድንገተኛ ጉዳይ ብቻ እንደሆነ፣ የድንገተኛ ጉዳይ ማመልከቻም ከጉዳዩ ሰባት ቀን አስቀድሞ መግባት እንዳለበት የሚያዘውን፣ እርስዎ የፈረሙበትን መመሪያ አስታወሱ። ከዓርብ እስከ ሐሙስ ስድስት ቀን ነው። በአንድ ቀን ጎደለብኝና ፈቃዴ ከዚያ ቀጥሎ ላለው ሐሙስ ተላለፈ።

፬. አባቴ በስድስተኛው ቀን፣ በዚያው በከበብኩት ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሞተ። በዚያች ሰዓት እኔ እርስዎ በሚሰጡት የጊዜ አያያዝ ሥልጠና ላይ ሁለተኛው ረድፍ ተቀምጬ ሣጥን ቢጫ እቀባ ነበር። እህቴ እንደነገረችኝ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር አባቴ «እሱ ነው?» ይል ነበር፤ እሷም «መንገድ ላይ ነው» እያለች ትዋሸው ነበር። አጥሩን ዘለህ ለምን አልመጣህም ብላኛለች። ያለ ፈቃድ የወጣ ይባረራል የሚለውን ፈርቼ ቀረሁ። ይህን በእርስዎ ላይ አላላክክም፤ ፍርሃቱ የራሴ ነው፤ አፍሬበታለሁም።

ይቅርታ እንዲጠይቁኝ አልጠብቅም፤ ለዚያ የሚሆን ሣጥን በሠንጠረዥዎ ላይ አላየሁም። የምለምነው አንድ ትንሽ ነገር ነው። ከእኔ በላይኛው አልጋ የሚተኛው ጓደኛዬ እናቱ ሆስፒታል ከገባች ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ቅጹንም ትናንት አስገብቷል። «እናቴ ዘንድ» ብሎ የጻፈውን እባክዎ እንደተጻፈ ያንብቡት። ቤተ ክርስቲያንን ማለቱ አይደለም።

መመሪያዎችዎ እንደ ግንብ ጸንተው እንዲኖሩ እየተመኘሁ፣ በሚገባዎ አክብሮት ሁሉ እጅ እነሣለሁ።

ዕቅዱ መቶ በመቶ የጸደቀለት
የሦስተኛ ዓመት ተማሪ

ተጨማሪ፦ በቀብሩ ማግስት እርስዎ የሚያስተምሩትን የእረኝነት አገልግሎት ፈተና ተፈትኜ ነበር። «ሊሞት በተቃረበ ሰው ዘንድ የእረኛ የመጀመሪያ ተግባር ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ በአንድ ቃል «መገኘት» ብዬ መልሻለሁ። ከአሥር አሥር ስለሰጡኝ፣ በግርጌውም «እንዲህ የሚመልስ በተግባር የኖረው ሰው ብቻ ነው» ብለው ስለጻፉልኝ እጅግ አመሰግናለሁ።