በካርቶን ቀዳዳ

ሰኞ፣ የካቲት 17 ቀን 1978

ደብዳቤው መጣ። ሐሙስ ጠዋት በአራት ሰዓት ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ አንዲት ሴት ቤታችን ትመጣለች፤ ልጃችን ምሕረት ስታነብ ትሰማለች። ካልረካች ልጅቷ ወደ ትምህርት ቤት ትመለሳለች። ባለቤቴ ሰብለ ሁለቴ አንብባው እኔን ሳታይ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው።

እኔ አልፈራሁም። ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አስተምራታለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ፓርኪንግ ሥራዬ እሄዳለሁ። የእንግሊዝኛ መጽሐፏን ከዳር እስከ ዳር ትወርደዋለች። እኔ አንድ መስመር እላለሁ፣ እሷ ትቀበለኛለች፣ ዳዊት እንደተማርኩት። እየተወዛወዘች በዜማ ስትለው የታች ቤቱ ሰውዬ ጣሪያውን ይደበድባል። ይደብድብ።

እዚያ ትምህርት ቤት አትመለስም። ቴሌቪዥኑ የአገራችንን ረሃብ ባሳየ ቁጥር የክፍሏ ልጆች ምሳዋን እየቀሙ "አንቺ መራብ ለምደሻል" ይሏት ነበር። አንድ ቀን መጥረጊያ የሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆለፉባት፤ እስከ መውጫ ሰዓት የፈለጋት ሰው የለም። እግዚአብሔር ይቅር ይበላቸው፤ እኔ ገና ነኝ።

ለሐሙስ የሚያስፈልግ፦ ስም መጥሪያ (አለ፤ አንድ ስም ብቻ)። የሒሳብ ደብተር (አለ፤ ዘይት ፈሶበታል)። ንጹሕ ቀሚስ።

ጾመ ነነዌ ዛሬ ገባ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀመስኩም፤ ራሴን አሞኛል።

ማክሰኞ

የጀመረችው ሰብለ ናት። ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት ምሕረት ስታነብ ቆማ ሰማችና ገጹን በመዳፏ ሸፈነችው። ምሕረት አላቆመችም። ሦስት መስመር ያህል ቀጠለች።

"ሶ፣ ንባቡ ይኼ ነው?" አለችኝ ሰብለ። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

የኔታ ያደርጉት የነበረው ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ፊደሉን በቃላችን እየወረድን እንዳንሸነግላቸው ቅጠል በስተው፣ በቀዳዳው አንዲት ፊደል ብቻ እያሳዩ ይጠይቁን ነበር። "አፍህን ተወው፣ ዓይንህን ነው የምጠይቀው" ይሉ ነበር። እንዴት ረሳሁት? የኮርንፍሌክስ ካርቶን ቆርጬ በሳሁና መጽሐፉ ላይ አደረግኩት። ሃያ ቃል ጠየቅኳት። አራት አወቀች።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ስድስት ወር ሊሞላ ነው።

ጮኽኩባት። አህያ አልኳት። እጄ አልነካትም፤ ምላሴ ግን ምን አስቀረ። ተነስታ ቁም ሳጥን ውስጥ ገባችና ከውስጥ ዘጋችው። ያ የመጥረጊያ ክፍል ታወሰኝ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ ይቅርታ ለመንኳት። ብዙ ቆይታ ወጣች።

"አባዬ፣ አንተ ስትል ነው የምለው፤ መጽሐፉን አላየውም" አለችኝ።

ጥፋቱ የኔ ነው። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ረቡዕ

ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ክሬንሾው ሰፈር ለሚኖሩት ለሚስስ ሩት ደወልኩ። መኪናቸውን ፓርክ ሳደርግላቸው የተዋወቅኳቸው ሴት ናቸው፤ አራት ልጆቻቸውን መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ቤታቸው አስተምረዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ አህያውንም ጭምር። "እኔም የመጀመሪያዬን አስለቅሻለሁ" አሉኝ። ያሉኝን በደብዳቤው ፖስታ ጀርባ ጽፌዋለሁ፦

ሃያ ደቂቃ ብቻ፣ ከዚያ ተነሱ። በእጇ የምትነካውን ነገር ስም ታንብብ። ስትሳሳት ፊትህ እንዳይለወጥ ጠብቅ። ከመጀመርህ በፊት ጸልይ፤ ለእሷ አይደለም፣ ለራስህ ትዕግሥት።

የምስር ከረጢት አነበብን፣ የጨው ቆርቆሮ አነበብን። ከዚያ የፌርፋክስን መንገድ ምልክቶቹን እያነበብን ወጣን ወረድን። "ስቶፕ" አለች። "ባስ" አለች። ልብስ ማጠቢያው ቤት በር ላይ "ኦፕን"። ከማክሰኞዎቹ አራት ጋር አስራ አንድ ቃል፣ በዓይኗ። ነነዌ በሦስት ቀን ጾም ዳነች፤ ማንበብ ግን በሦስት ቀን አይያዝም።

ሰብለ ከሥራ ስትመጣ "መጽሐፉን ከሴትዮዋ ልደብቀው?" አልኳት።

"ደብቀኸው ምን ልታሳያት ነው፣ የጨው ቆርቆሮ? ተዋት፣ እሱን ታንብብ። ልጄን እዚያ አልመልስም፣ ኦኬ?"

መጽሐፉን መልሼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። እሺ ማለቴ ነበር።

ሐሙስ

ሴትዮዋ ደግ ናት። ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ስም መጥሪያውን አየች፣ ደብተሩን አገላበጠች፣ ዘይቱን አይታ ሳቀች። "እስኪ አንብቢልኝ" አለቻት።

ምሕረት ስድስት ገጽ ወረደችው፣ ጣቷን በልኩ እያንቀሳቀሰች። አልተወዛወዘችም። እንዳትወዛወዝ ጠዋት የነገርኳት እኔ ነኝ። ሴትዮዋ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ መስመር ጽፋ ፈርማ ሰጠችኝ፦ "ጥሩ ታነባለች።" ከእንግዲህ ሴትዮዋ እስከሚመጣው ዓመት አትመጣም።

በሩ እንደተዘጋ ምሕረት ቀና ብላ አየችኝ።

"አባዬ፣ ሸወድናት?"

ሰብለ እያለቀሰች አቀፈቻት። እኔ ውሃ የምጠጣ መስዬ ወደ ቧንቧው ዞርኩ።

ዓርብ

ምሕረት ሳልጠራት ካርቶኗን ይዛ መጣች። መጽሐፉን ልከፍት ስል "እሱን ተወው፣ አፌ ያውቀዋል" አለች። የሴትዮዋን ወረቀት ከፍሪጁ ላይ አውርዳ ቀዳዳውን የመጀመሪያው ቃል ላይ አደረገችው።

"ሺ" አለች፤ በእንግሊዝኛ "እሷ" ማለት፣ ከአስራ አንዱ አንዱ ነው። ካርቶኑን ወደ ቀጣዩ ቃል ገፋ አደረገችው። ቆመች። ቃሉን ሳይሆን ፊቴን ማየት ጀመረች።

ፊቴን ጠበቅኩ።

"ታነባለች ማለት ነው" አልኳት። "ሪድስ።"

አልተቀበለችኝም። ከንፈሯን ገጥማ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ካርቶኑን አነሳች፣ ወረቀቱን አዟዟረች፣ ብቻዋን ፈልጋ መልሳ አገኘችው።

አስራ ሁለት።