ሦስተኛው አንጓ

ሰኞ
በምርጫው ተሸነፍኩ። የምንጩ ኮሚቴ ሊቀመንበር አያ ቸኮል ሆኑ። አጨበጨብኩ፤ ከልቤ ግን አልነበረም። ከነገ ጀምሮ ከምንጩ በላይ ባለው ዳገት እርከን እንሠራለን። ደለሉ ምንጩን እየደፈነው ነው፤ ዘንድሮ ካልያዝነው ውሃ ለመቅዳት ወንዝ ድረስ መውረዳችን ነው። አያ ቸኮል "ተስማማን?" ሲሉ ሁሉም "ይሁን" አለ። እኔም። እኛ ሰፈር "ይሁን" ማለት ብዙ ጊዜ "እኔን አትጠብቁኝ" ማለት ነው።

ማክሰኞ
ሰው ግን መጣ! እርከን አሠራር ሊያሳየን መጥቶ የነበረው የግብርና ባለሙያ ወደ እንጅባራ ሲመለስ መለኪያ ዘንጎቹን ይዞ ሄዷል። አያ ቸኮል ሁለት ቀርከሃ ቆርጠው፣ ውሃ ልኩ የሚሰቀልበትን ሲባጎ ከፍታው እኩል እንዲሆን ብለው በሁለቱም ሦስተኛው አንጓ ላይ አሰሩት። የሁለት ቀርከሃ አንጓ መቼ እኩል ሆኖ ያውቃል? ከአባቴ ጋር ቀርከሃ ስሰነጥቅ ነው ያደግኩት፤ የአንዱ ሦስተኛ አንጓ ከሌላው በስንዝር ከፍ ይላል። እንዲህ ከተቆፈረ ዝናቡ ወደ አንድ ጫፍ ሄዶ እርከኑን ይጥስና አፈሩን ምንጩ ላይ ይደፋዋል።
አየሁ፤ ዝም አልኩ። ትንሽ ደስም አለኝ። ይኸው ጻፍኩት።

ረቡዕ
ሚካኤል ነው፤ አፈር አይነካም። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በምንጩ በኩል አለፍኩ። ውሃው ቀጥኗል። ጎረቤቴ ብርቄ ጀሪካኗ ላይ ተቀምጣ ተራ ትጠብቃለች፤ መውለጃዋ ደርሷል። "እርከኑ ሲያልቅ ይሻለናል አይደል?" አለችኝ። አፈርኩ። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ ወርቅ ግን አይጠጣም።

ሐሙስ
ሰው ፊት እንዳይሆን ማልጄ ቤታቸው ሄድኩ።
"አያ ቸኮል፣ አንጓው አሳስቶዎታል።"
ፊታቸው ጠቆረ። "ሊቀመንበሩ ማን ነው?"
"እርስዎ ነዎት። ለዚያ ነው ለእርስዎ የምነግርዎ።"
ቀርከሃዎቹን ጎን ለጎን አቆምናቸው። ልዩነቱን በስንዝራቸው ለኩት። ዳገቱ ላይ ሰዉን ሰብስበው "የማክሰኞውን ድፈኑት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው" አሉ። ሰዉ በአውኛ አጉረመረመ። ቀድሜ አካፋ አነሳሁ፤ ከዚያ ሌላውም አነሳ። እኔ ብመረጥ እንዲህ እል ነበር? እንጃ።

ቅዳሜ
ትናንት አመሻሹ ላይ ያልታሰበ ዝናብ ጣለ። ጠዋት ሁላችንም እየሮጥን ወጣን። የጨረስነው እርከን ውስጥ ውሃው ከዳር እስከ ዳር እኩል ተኝቷል። ብርቄ እንኳ ሆዷን ይዛ መጥታ አየች። አንድ ዝናብ ነው፤ ክረምቱ ገና አለ።
ቀሪውን ስንለካ አያ ቸኮል የሲባጎውን አንድ ጫፍ ሰጡኝ። "ያዥልኝ፤ ስሳሳት ጎተት አድርጊው።"
"ይሁን" አልኳቸው። ሰኞ እገኛለሁ።