የግራ አውራ ጣትና የእሳት ኳስ

ሰኞ

አሁንም አልወጣም። ወደ ታች፣ ወደ ፊት፣ ቡጢ። ወንድሜ ሲሳይ ሲጫነው በቪዲዮ ጌሙ ውስጥ ካለው ሽማግሌ ተዋጊ መዳፍ ሰማያዊ የእሳት ኳስ ይተኮሳል። እኔ ስጫነው ሽማግሌው ቁጢጥ ይላል፣ ይነሳል፣ አየሩን በቡጢ ይመታል።

"እታለም፣ ሰውዬው ስፖርት እየሠራ ነው እንዴ?" ይለኛል ሲሳይ።

የሱቄ የብረት በር የግራ አውራ ጣቴን ከጨፈለቀው ወዲህ መቀስ አልያዝኩም። ግራኝ ነኝ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ጀሶው ተፈቷል፣ ጣቱ ግን እንጨት ሆኖ ቀርቷል። ሐኪሟ "በሆነ ነገር አሠሪው" አለችኝ። ሲሳይ ጆይስቲኩን እጄ ላይ አስቀመጠው።

ማክሰኞ

ደንበኛዬ ወይዘሮ አልማዝ ከሳሊተ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሱቄ ገቡ። "አንቺ ልጅ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ሠርጉ ደርሷል።" አረንጓዴው ከፋይ ጨርቃቸው እንደተጠቀለለ መደርደሪያው ላይ ነው። እስከ ዓርብ ካልቆረጥኩት ለሌላ ሰፊ ይሰጡታል። ሲሳይ "ሰው ይቁረጥልሽ" አለኝ። ሰው ከቆረጠው የሰው ቀሚስ ነው።

የእሳት ኳሱ አንድ ዓይነት አይደለም ይላል ሲሳይ፦

በቀላሉ ቡጢ፣ ይንቀራፈፋል፤ ተከትለሽው ትገቢያለሽ።
በከባዱ፣ ይፈጥናል።
ሁለቱን አንድ ላይ፣ ትልቅ ኳስ፤ ከስክሪኑ ታች ያለውን የኃይል መስመርሽን ይበላል።
ዘለሽ ከሆነ ቁልቁል ይወርዳል።

የእኔ፣ አንዱም።

ረቡዕ

ጣቴ አበጠ። ጆይስቲኩን ሶፋው ላይ ወረወርኩት። ሲሳይ መጀመሪያ ጆይስቲኩን አየ፣ ከዚያ እኔን።

"ጣትሽን ለምን ታነሺዋለሽ? ወደ ታች፣ ታነሺያለሽ። ወደ ፊት፣ ታነሺያለሽ። የበር ደወል ነው እንዴ? ሳታነሺ አንሸራትቺው!"

 ሱቄ ውስጥ በሠሩት ሴቶች ሁሉ ላይ የጮህኩት ይህንኑ ነው። የቀሚስ ብብት ሲቆረጥ፣ ኩርባው ላይ፣ መቀስ አይነሳም። ከተነሳ የጨርቁ ጫፍ እንደ መጋዝ ጥርስ ያወጣል። ሕመሙን ፈርቼ ነው የማነሳው።

አንሸራተትኩት። አመመኝ። ኳሱ ወጣ፤ የሚንቀራፈፈው። የሲሳይ ተዋጊ ከላዩ ዘሎ በሌላኛው ጎኔ አረፈና ደበደበኝ።

"አሁን ፊትሽ ወደ ግራ ነው። ትእዛዙም ተገልብጧል" አለኝ ሲሳይ።

ጣቴ ደግሞ ወደ ግራ አይሄድም።

ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ ወደ ግራ። ምንም። ሽማግሌው ቁጢጥ፣ ብድግ።

ከፋይ ጨርቅ እንደ ሌላው ታጥፎ አይቆረጥም፣ ይንሸራተታል። ስለዚህ ሁለቱ ብብቶች ለየብቻ ይቆረጣሉ። አንዱ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ ሌላው ወደ ግራ።

"ታዲያ ሁልጊዜ በስክሪኑ ግራ ቆመሽ ወደ ቀኝ ብቻ ተኩሺ" አለኝ ሲሳይ። ይህን ምክር ለወይዘሮ አልማዝ ይንገራቸው።

ከእራት በፊት ወደ ግራ አንድ ኳስ ወጣ። ልድገመው ብል እምቢ አለ።

ዓርብ

ጠዋት ሱቁን ከፍቼ ገባሁና መልሼ ከውስጥ ዘጋሁት። ጨርቁን ዘረጋሁ። ወደ ቀኝ የሚዞረውን ብብት ሳላነሳ ጨረስኩት። ወደ ግራ የሚዞረው መሃል ላይ ጣቴ ደነዘዘ። መቀሱ ቆመ። አላነሳሁትም። እንደያዝኩት ቆሜ ጠበቅሁ። ውጭ የሚኒባስ ረዳት "ሲኤምሲ! ሲኤምሲ!" ይላል። ጣቴ ሲመለስ ቀጠልኩ።

አንድ ቦታ ጥርስ አውጥቷል። ስፌቱ ይሸፍነዋል። መሰለኝ።

ወይዘሮ አልማዝ ከሰዓት መጡ፣ የተቆረጠውን በመዳፋቸው ዳበሱ። "በይ እንግዲህ" አሉ። ሰኞ ለልክ ይመጣሉ። ክንዳቸውን ሲያነሱ ብብቱ ይይዝ እንደሆነ እናያለን።